ከላምበረት ወዲያ የት ይታደራል?

ከደብረ ብርሃን እስከ አዲስ አበባ 130 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ከአንኮበር ለሚነሳ ሰው ደግሞ 40 ኪሎ ሜትር ያህል ይጨመርበታል። ጫጫን፣ ሸኖን፣ ሰንዳፋንና ለገጣፎን አልፎ የሚመጣው መኪና ኮተቤን ያቋርጥና ተሳፋሪውን ላምበረት መናኸሪያ ያወርዳል። ለሕክምና፣ ለፍርድ ቤት፣ ለፓስፖርት፣ ለንግድ ወይም ለበዓል ከሰሜን ሸዋ የሚመጣ ሰው መንገዱን ሙሉ የሚያወጣ የሚያወርደው ጉዳዩን ነው። የት እንደሚያድር ማሰብ የሚጀምረው ብዙ ጊዜ ከመኪናው ከወረደ በኋላ ነው፤ ያን ጊዜ ደግሞ የሚታየው ሁለት መልስ ብቻ ነው። አንደኛው እዚያው መናኸሪያው አጠገብ ያለ ፔንሲዮን ነው። ሌላው የዘመድ ቤት ነው፤ ቤቱ ከተማዋ ውስጥ የትም ይሁን የት። ሁለቱም ክፉ መልሶች አይደሉም። ነገር ግን ሁለቱም ሰውየው ለምን እንደመጣ አይጠይቁም። ማደሪያ ሰፈርን መምረጥ ያለበት የመጡበት ጉዳይ ነው፤ መናኸሪያም ዝምድናም ከዚያ በኋላ ይምጡ። ይህን የምለው የአልጋ ምቾትን አስቤ አይደለም። በትልቅ ከተማ ውስጥ ሰፈርን ሳያስቡ መምረጥ ገንዘብን፣ ቀንን፣ አንዳንዴም ጤናን ስለሚያስከፍል ነው።

ነገሩን በአንድ ምሳሌ እንየው። ከደብረ ብርሃን ሪፈር ወረቀት ይዞ ወደ ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል የተላከ ሕመምተኛ አለ እንበል፤ ከአስታማሚው ጋር ሁለት ናቸው። ላምበረት ካደሩ ከአልጋቸው እስከ ሆስፒታሉ በር 10 ኪሎ ሜትር ገደማ ይሆናል። መጀመሪያ እስከ መገናኛ መሄድ፣ ከዚያ ደግሞ ወደ መሀል ከተማ የሚሄድ ታክሲ መያዝ አለባቸው፤ በሥራ መግቢያ ሰዓት መገናኛ ላይ ያለውን ሰልፍ ያየ ሰው ይህ ምን ማለት እንደሆነ ያውቃል። ሁለት ሰው፣ ሁለት ታክሲ፣ ደርሶ መልስ ሲሆን በቀን የስምንት ሰው ሒሳብ ነው። ሕመምተኛው ግፊያ የማይችል ከሆነ ኮንትራት መያዝ ወይም ራይድ መጥራት ግድ ይሆናል፤ እሱም ርካሹ አልጋ ያተረፈላቸውን ገንዘብ በአንድ ጠዋት ይበላዋል። ቀትር ላይ ተመልሶ ጋደም ማለት ስለማይቻል ሕመምተኛው የምርመራ ውጤት እስኪደርስ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጦ ይውላል። ከሁሉ የከፋው ግን ማርፈድ ነው። ካርድ ለማውጣትም ደም ለመስጠትም ወረፋ የሚያዘው በማለዳ ስለሆነ፣ የአንድ ሰዓት መዘግየት አንዳንዴ የአንድ ቀን መዘግየት ይሆናል፤ አንድ ቀን ማለት ደግሞ ያላሰቡት የአልጋ ሒሳብና የሁለት ሰው ምግብ ነው። ስለዚህ የማደሪያ ዋጋ የሚታወቀው የአልጋው፣ የመንገዱና የሚባክነው ቀን ሒሳብ ሲደመር ነው። አብዛኞቻችን የመጀመሪያውን ብቻ ጠይቀን ቁልፍ እንቀበላለን።

ለሸዋ ሰው ይህ አዲስ ትምህርት አይደለም፤ የአባቶቹ ልማድ ነው። አንኮበር የሸዋ ነገሥታት መናገሻ በነበረችበት ዘመን፣ ከባሕር በኩል የአፋርን በረሃ አቋርጦ የሚመጣው ሲራራ ነጋዴ ተራራው አናት ላይ አይሰፍርም ነበር። የሚያርፈው ከሥር፣ ወደ ቆላው ዳር፣ አልዩ አምባ ነው። ግመል የአንኮበርን ዳገትና ብርድ አይችልም፤ ትልቁ ገበያ የሚቆመውም እዚያው አልዩ አምባ ነው፤ ከአፋር፣ ከአርጎባና ከሐረር የመጣው ሰው ቋንቋውን የሚሰማና በሃይማኖቱ ሥርዓት የሚያስተናግደው ወገን የሚያገኘውም እዚያ ነው። በ1834 ዓ.ም. ወደ ሸዋ የመጣው እንግሊዛዊ ሐኪም ቻርልስ ጆንስተንም ሰንበት ብሎ የተቀመጠው አልዩ አምባ ነበር። ከእርሱ አንድ ዓመት ቀድሞ በካፒቴን ዊልያም ኮርንዋሊስ ሃሪስ መሪነት የገባው የእንግሊዝ መልእክተኞች ቡድን ግን ጉዳዩ ከንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ጋር ስለነበረ ወደ ላይ ወጣ። ንጉሡ ከአንኮበር ወደ አንጎለላ፣ ከዚያም ወደ ደብረ ብርሃን ሲዘዋወሩ መልእክተኞቹም ይከተሏቸው ነበር። በአንድ አገር፣ በአንድ ዘመን፣ በአንድ በር የገቡ እንግዶች እንደየጉዳያቸው አንዱ ቆላ አንዱ ደጋ አደረ። ሁሉም የንጉሡን ተራራ ቢመርጡ ኖሮ ነጋዴው ግመሉንም ገበያውንም ያጣ ነበር።

አዲስ አበባም የተሠራችው በዚሁ ልማድ ነው። በ1879 ዓ.ም. ከተማዋ ስትመሠረት መኳንንቱ ቦታ እየተመሩ በየጉብታው ሰፈሩ፤ ተከታዮቻቸውም ዙሪያቸውን ሰፈሩ። ሰፈር የሚለው ቃል ራሱ የዚያ አሰፋፈር ምስክር ነው። ደጃች ውቤ ሰፈርና ራስ ካሳ ሰፈር የመኳንንት፣ ሠራተኛ ሰፈር ደግሞ የሙያ ሰዎች ስም ተሸክመው እስከ ዛሬ ይጠራሉ። በዚያ ዘመን ከመንዝ፣ ከተጉለት ወይም ከቡልጋ የመጣ ባለጉዳይ የሚያድረው ከአገሩ ሰዎች ጋር በጌታው ሰፈር ነበር፤ ደጅ የሚጠናውም እዚያው ነበር። ማደሪያውና ጉዳዩ አንድ ላይ ስለነበሩ የሰፈር ምርጫ የሚባል ችግር አልነበረበትም። የተለያዩት በኋላ ነው፤ የለያያቸውም መጓጓዣው ነው። እቴጌ ጣይቱ ሆቴላቸውን ያሠሩት አራዳ፣ ገበያው አጠገብ ነበር፤ የዚያን ጊዜው እንግዳ የሚውለው እዚያ ነበርና። በ1909 ዓ.ም. የጅቡቲው ባቡር አዲስ አበባ ሲገባ ለገሃር የእንግዳ ሰፈር ሆነ። በ1950ዎቹ የቦሌ አውሮፕላን ማረፊያ ሥራ ሲጀምር የሆቴሉ ነፋስ ወደ ቦሌ ዞረ። አውቶቡስ ተራ ደግሞ ዙሪያውን የየክፍለ ሀገሩን መንገደኛ የሚያሳድሩ አልጋ ቤቶች አበቀለ። ሆቴል የእንግዳ መግቢያ በርን ይከተላል፤ በሌላውም ዓለም እንዲሁ ነው። ለንደን ውስጥ በ19ኛው ክፍለ ዘመን ከተሠሩት ታላላቅ ሆቴሎች ብዙዎቹ ከባቡር ጣቢያ ጋር ተያይዘው የተሠሩ ናቸው። ላምበረት አካባቢ ያሉት ፔንሲዮኖችም የዚሁ ታሪክ የቅርብ ጊዜ ልጆች ናቸው። የታሰቡት ሲመሽ ለወረደና ነገ ማለዳ ለሚሳፈር ሰው ነው፤ ለዚያም ጥሩ ናቸው። ሦስት ቀን ፍርድ ቤት ለሚመላለስ ሰው ግን የታሰቡ አይደሉም።

እንግዲህ ጉዳይ ሰፈርን ይምረጥ ካልን፣ በተለይ ሕክምና ላይ ረዘም ማለት ያስፈልጋል፤ ከደብረ ብርሃን ሰውን ሳይወድ ወደ አዲስ አበባ የሚያመጣው ትልቁ ምክንያት እርሱ ነውና። ሪፈር ወረቀቱ ላይ 'አዲስ አበባ' ተብሎ ብቻ አይጻፍም፤ የሆስፒታል ስም ይጻፋል፤ ያ ስም ሰፈር ነው። ወደ ጥቁር አንበሳ የተላከ ሰው ሜክሲኮን፣ ለገሃርን፣ ስታዲየምን ወይም ፒያሳን ቢያስብ በአንድ ታክሲ ወይም በእግሩ ይደርሳል። ወደ ቅዱስ ጳውሎስ የተላከ ሰው ጉለሌን ነው ማሰብ ያለበት፤ ካልሆነም ፒያሳን። የቅዱስ ጴጥሮስ ሆስፒታል ወደ እንጦጦ መውጫ ስለሆነ ሽሮ ሜዳና ስድስት ኪሎ ይቀርቡታል። አለርት ግን በተቃራኒው የከተማዋ ደቡብ ምዕራብ ነው፤ ለእርሱ ጦር ኃይሎችና አየር ጤና ይሻላሉ፤ ጀሞ ዘመድ ያለው ሰውም በዚህ ጊዜ ዕድለኛ ነው። በአንጻሩ ምኒልክ ሆስፒታል ቀጠሮ ያለው ሰው መገናኛ አካባቢ ቢያድር አልተሳሳተም፤ ከመገናኛ በእንግሊዝ ኤምባሲና በቀበና በኩል አራት ኪሎ የሚሄደው ታክሲ ወደዚያው ያቀርበዋልና። የአማኑኤል ሆስፒታል ያለው ከመርካቶ ጥግ ነው። ሁሉም ሆስፒታሎች በአንድ ከተማ ውስጥ ቢሆኑም ከአንዱ ሰፈር ሁሉም ጋ በቀላሉ አይደረስም፤ 'አዲስ አበባ ዘመድ አለኝ' ማለት ብቻ የማይበቃውም በዚህ ምክንያት ነው።

ሌላም አለ። አንድ ቀን ታይቶ የሚመለስ ሕመምተኛና ሳምንታት የሚቆይ ሕመምተኛ አንድ ዓይነት ማደሪያ አያስፈልጋቸውም። ለካንሰር የጨረር ሕክምና የታዘዘለት ሰው ብዙ ጊዜ በሳምንት አምስት ቀን፣ ለተከታታይ ሳምንታት መመላለስ አለበት። ለእንዲህ ዓይነቱ በቀን የሚከፈል አልጋ አያዋጣም፤ ከሆስፒታሉ በእግር በሚደረስ ቦታ አንድ ክፍል ቤት በወር መከራየት ይሻላል፤ ሽሮም መሥራት፣ ቡናም ማፍላት፣ ከሕክምናው በኋላም ወዲያው መተኛት ይቻላል። እንደ ማቲዎስ ወንዱ የኢትዮጵያ ካንሰር ሶሳይቲና እንደ ተስፋ አዲስ ያሉ በጎ አድራጎት ድርጅቶች ከክልል ለሚመጡ የካንሰር ሕመምተኞች፣ በተለይም ለሕፃናትና ለወላጆቻቸው፣ ማረፊያ ስለሚሰጡ ከመከራየት በፊት እነርሱን መጠየቅ ተገቢ ነው። ሕመምተኛው ተኝቶ ሲታከም ደግሞ ሰፈር የሚያስፈልገው ለአስታማሚው ነው። ሌሊት መድኃኒት ግዛ ተብሎ የሚጠራ ሰው ሁለት ታክሲ ርቆ ማደር አይችልም። በሆስፒታል አጥር ሥር ካርቶን አንጥፈው የሚያድሩት አስታማሚዎች የሰፈር ምርጫን ጉዳይ ከማናችንም በላይ ያውቁታል፤ መቅረብ ምን ያህል ዋጋ እንዳለው በብርዱ ይከፍሉበታል።

የሌሎቹ ጉዳዮች ነገር አጠር ይላል። ልደታ ፍርድ ቤት ቀጠሮ ያለው ሰው ልደታን፣ ሜክሲኮን ወይም በቀላል ባቡሩ መስመር ላይ ያለ ሰፈርን ይምረጥ። በ2008 ዓ.ም. ሥራ የጀመሩት ሁለቱ የባቡር መስመሮች ከመስቀል አደባባይ እስከ ልደታ አንድ ሐዲድ ስለሚጋሩ ከአያትም ከቃሊቲም በኩል ወደዚያ ይደረሳል፤ በመለዋወጫ እጦት የሚሠሩት ባቡሮች ስላነሱ ግን ለጠዋት ቀጠሮ ባቡሩን ብቻ መተማመን አይበጅም። ዋናው የኢሚግሬሽን መሥሪያ ቤት ከጥቁር አንበሳ ብዙ ስለማይርቅ ለሆስፒታሉ የተባለው ለፓስፖርትም ይሠራል። መርካቶ ጅምላ የሚገዛ ነጋዴ ጎህ ሲቀድ ጭነቱ ላይ መገኘት ስላለበት አውቶቡስ ተራና አብነት ይሻሉታል። ከመንዝ በግ ጭኖ ወደ ካራ ገበያ የመጣ ሰው ግን ወደ መሀል ከተማ መግባትም አያስፈልገው፤ ካራና ኮተቤ ያድርና ሸጦ ይመለስ። ለጥምቀት ጃን ሜዳን ሊያይ የመጣ ስድስት ኪሎ ወይም ፈረንሳይ አካባቢ ቢያድር በእግሩ ደርሶ በእግሩ ይመለሳል። ልጆቹን ከተማ ሊያሳይ የመጣ ቤተሰብም ከፒያሳ እስከ ስድስት ኪሎ ያለውን ወገን ይምረጥ፤ የዓድዋ ድል መታሰቢያ፣ ሉሲ ያለችበት ብሔራዊ ሙዚየም፣ አንድነት ፓርክ፣ አንጎለላ የተወለዱት የዐፄ ምኒልክ መቃብር ያለበት ታዕካ ነገሥት በዓታ ሁሉም እዚያው ዙሪያ ናቸው።

በዚህ ሁሉ ላይ የሚነሳው ዋናው ተቃውሞ ስለ ገንዘብ አይደለም፤ ስለ ዝምድና ነው። 'እህቴ ከተማው ውስጥ ቤት ይዛ እያለች አልጋ ልከራይ? ብትሰማ ምን ትለኛለች?' የሚል ሰው እውነት አለው። ዘመድ ቤት ማደር ገንዘብ መቆጠቢያ ብቻ አይደለም፤ መጠያየቂያ ነው፤ ለታመመ ሰውም ከመድኃኒት የማያንስ ማጽናኛ ነው። ነገር ግን ይህ ልማድ የጸናው ዘመዶቻችን አራት ኪሎ፣ ፒያሳና ካዛንቺስ ይኖሩ በነበረበት ጊዜ መሆኑን ማስታወስ አለብን። ያኔ የዘመድ ቤትና የመሀል ከተማው ጉዳይ ጎረቤት ነበሩ። ባለፉት 20 ዓመታት ኮንዶሚኒየሙ ብዙውን ሰው ወደ ጀሞ፣ ወደ ሰሚት፣ ወደ የካ አባዶና ወደ ቱሉ ዲምቱ ወስዶታል፤ ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ የኮሪደር ልማቱ ከነባሮቹ ሰፈሮች ብዙ ነዋሪ አንስቷል። እንግዳ ተቀባይነቱ አልቀነሰም፤ አድራሻው ግን ተቀይሯል። የካ አባዶ ያለ ዘመድ ከሰሜን ሸዋ ለሚገባ ሰው የመንገድ ዳር ዘመድ ነው። ቱሉ ዲምቱ ያለ ዘመድ ግን ከተማዋን ዳር እስከ ዳር ያስቋርጣል። መፍትሔው ዝምድናን መተው አይደለም፤ ቀኑን መለየት ነው። ለቀጠሮው ዋዜማ ከጉዳዩ አጠገብ ማደር፣ ጉዳዩ ካለቀ በኋላ ደግሞ በሶውን፣ ቆሎውንና ቅቤውን ይዞ ዘመድ ቤት ሄዶ ተረጋግቶ መጫወት ይቻላል። ምክንያቱ አስቀድሞ በስልክ ከተነገራት የምትቀየም እህት ጥቂት ናት። ራሷም ጠዋት ጠዋት ለሥራ ያንኑ መንገድ የምትገፋ ናትና ችግሩን ከማንም በላይ ታውቀዋለች።

'መሀል ከተማ ውድ ነው፣ ጫጫታም ነው፣ ሌባም አለ' የሚለውም ተቃውሞ በከፊል ልክ ነው። አውቶቡስ ተራና መርካቶ አካባቢ ኪስ አውላቂ አይጠፋም፤ ሌሊትም ጸጥታ የለም። ሕመምተኛን እዚያ ማሳደር አልመክርም። ነገር ግን ከጉዳይ አጠገብ ማደር ማለት የግድ በር ላይ ማደር ማለት አይደለም። ሚዛኑ አንድ ታክሲ ነው፦ ሳይቀይሩ በአንድ ታክሲ ወይም በእግር ጉዳይዎ ዘንድ የሚያደርስ ሰፈር ከሆነ በቂ ነው። ይህ ሚዛን ከዋናው መንገድ ገባ ያሉ ጸጥ ያሉ ፔንሲዮኖችንም ያካትታል። ስለ ውድነቱም ቢሆን ከላይ ያየነውን የስምንት ሰው ታክሲ በአልጋው ዋጋ ላይ ደምሮ ማወዳደር ነው፤ ልዩነቱ ብዙ ጊዜ እንደሚፈራው አይሆንም። በርግጥ ጥንቃቄ የሚሻ አንድ ነገር አለ። ፒያሳ፣ አራት ኪሎና ካዛንቺስ ከሁለትና ከሦስት ዓመት በፊት የነበሩት አይደሉም፤ ድሮ ያደሩበት ቤት ዛሬ መንገድ ወይም መናፈሻ ሆኖ ሊጠብቅዎት ይችላል። በድሮ ትዝታ ተመርቶ ሻንጣ ይዞ ከመንከራተት አስቀድሞ ደውሎ ማረጋገጥ ይሻላል፤ አልጋ ያዡ ሁሉ መታወቂያ ስለሚጠየቅም እርሱን አለመርሳት ነው።

'130 ኪሎ ሜትር ምን አላት፣ ሌሊት ተነስቼ ማታ እመለሳለሁ' የሚሉም ብዙዎች ናቸው። ለጤነኛና ጉዳዩ በአንድ ፊርማ ለሚያልቅ ሰው ይሆናል። ለሕመምተኛ ግን በሌሊት ብርድ ተነስቶ፣ ተጉዞ፣ ቀኑን ወረፋ ላይ ቆሞ፣ አመሻሽ ላይ መመለስ ከሕመሙ ላይ ሕመም መጨመር ነው። ባለፉት ዓመታት በሰሜን ሸዋ መንገዶች ላይ የታየው የጸጥታ ችግርም በምሽት መጓዝን የማይመከር አድርጎታል። አንድ ሌሊት በቅርብ ማደር እዚህ ላይ ቅንጦት አይደለም።

አንድ ነገር ግን በግለሰብ ብልኃት ብቻ አይፈታም። ከክልል ሕመምተኛ የሚቀበሉ ትልልቅ ሆስፒታሎች አጠገብ በአነስተኛ ዋጋ የሚያሳድር የአስታማሚዎች ማረፊያ ያስፈልጋል። የደብረ ብርሃንና የአዲስ አበባ ባለሀብቶች፣ የልማት ማኅበራትና አብያተ ክርስቲያናት ተባብረው ሊሠሩት የሚችሉት ሥራ ነው። ሕመምተኛውን የሚልኩት ሆስፒታሎችም ሪፈር ሲጽፉ 'የት ታርፋላችሁ?' ብሎ የሚጠይቅና የሚያመላክት አንድ ሰው ቢመድቡ ብዙ እንግልት ይቀራል። እስከዚያው ግን፣ ከደብረ ብርሃን መናኸሪያ ከመሳፈርዎ በፊት ወረቀትዎ ላይ ያለውን የሆስፒታል ወይም የመሥሪያ ቤት ስም ያንብቡ፤ ከዚያ አዲስ አበባ ላለው ዘመድዎ ይደውሉና 'ቤት ናችሁ ወይ?' ከማለትዎ በፊት 'ከእናንተ እስከዚያ ስንት ታክሲ ነው?' ብለው ይጠይቁ።